ግመል የማይወጣው ዳገት

አንድ ኮምፒውተር ሌላ ኮምፒውተር በሆዱ መያዝ ከጀመረ ዘመን ተቆጥሯል። ቨርቹዋል ቦክስን ወይም ቪኤምዌርን የከፈተ ሰው በአንድ መስኮት ውስጥ ሊኑክስ ወይም ያረጀ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲነሣ ያያል። የውስጠኛው ማሽን የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል፤ ዲስክ ብሎ የሚያምነው ግን በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ተጠቃሚውን መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠውን ደብዳቤ የውስጠኛው፣ ማለትም እንግዳው ማሽን አያየውም። ሁለቱ በአንድ ብረት፣ በአንድ መብራት እየሠሩ፣ አንዲት ገጽ ከወዲህ ወደዚያ ለማሻገር መላ መፈለግ ግድ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን የሠሪዎቹ ግድ የለሽነት አድርጎ ይወስደዋል፤ “ለምን በቀጥታ አይገናኙም?” ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በተቃራኒው ነው። በሁለት ሥርዓቶች መካከል ቀጥታ መንገድ ኖሮ አያውቅም። ያለው ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት ሦስተኛ ቦታ ነው፤ ቦታው ደግሞ ጠባቂ አለው። “ቀጥታ” የምንለው ጠባቂው ከዓይን የተሰወረበትን መንገድ ነው። ለዚህ ክርክር አንድ ኮምፒውተር ሌላውን የመያዙ ታሪክ ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜው ገና ስድሳ ዓመት ገደማ ነውና። ሰባት መቶ ዓመት የሚሞላ ማስረጃ ያለው ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ጀምሮ በስተ ደቡብ እስከ አልዩ አምባ በሚዘልቀው የይፋት ጠርዝ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይፋት ማለት ደጋው ተቆርጦ ወደ አዋሽ በረሃ የሚወርድበት ጠርዝ ነው። ጣርማ በር ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ገብሱ በማሽላ፣ ጋቢው በሽርጥ፣ አጋሰሱ በግመል ይተካል። በመካከለኛው ዘመን ጠርዙን የያዘው የይፋት ሱልጣኔት ነበር። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት ገልብጦ ሥልጣን ያዘ፤ ከዚያም ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድ ተቆጣጠረ። በ14ኛው መቶ ዘመን በካይሮና በደማስቆ የኖረው አል ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ፣ ሰዎቹ ከግብፅ በሚመጣ የወርቅና የብር ገንዘብ እንደሚገበያዩ አስፍሯል። የበረሃውም የባሕሩም ነጋዴ የሚያውቀው ገንዘብ እዚህ ይሠራል ማለት ነው። ቦታው ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚነግረን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ጦርነቱ ነው። የይፋቱ ሐቀዲን ከካይሮ የሚመለሰውን የዐፄ ዓምደ ጽዮንን መልእክተኛ መንገድ ላይ ያዘ፤ ንጉሡም ወደ ይፋት ዘመተ። በ1332 ደግሞ በሌላው የይፋት ገዥ በሰብረዲን ላይ የተደረገው ዘመቻ ተከተለ። ስለዚህ ዘመን ሲጻፍ ነገሩን የሃይማኖት ግጭት ብቻ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። የእሳቱ መነሻ ግን አንድ ሰው በአንድ በር ማለፍ አለማለፉ ነበር። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በዚህ ጠርዝ ላይ ያጠኗቸው አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉት የድንጋይ ከተማ ፍርስራሾች፣ በየመስጊዶቻቸውና በየመቃብሮቻቸው፣ በሩ ስንት ሰው ያኖር እንደነበር ዛሬም ይመሰክራሉ።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በሩ ባለቤት ቀይሮ እናገኘዋለን። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ተቀምጦ፣ ከታጁራ የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ በእግሩ ሥር ይቀበል ነበር። ክራፕፍና ሮሼ ዴሪኩር በ1839፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1841፣ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በ1842 በዚህ መንገድ ገብተዋል፤ የጻፉትም መጻሕፍት የመሸጋገሪያውን አሠራር ቀረብ ብለን እንድናይ ያስችሉናል። ግመል ከዓሳል ሐይቅ የተቆረጠ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ጠብመንጃ ተጭኖ ሳምንታት ተጉዞ ፋሬ ይደርሳል። እዚያ ይንበረከካል። ከፋሬ በላይ ያለው ድንጋያማ ዳገት ለግመል እግር አይሆንም፤ ብርዱም አይስማማውም። ጠፍሩ ይፈታል፣ ጭነቱ ይወርዳል፣ ይቆጠራል። የአንድ ግመል ጭነት ለአንድ አህያ ወይም ለአንድ ሰው ጫንቃ ስለማይሆን ይከፈላል፤ እንደገናም ይታሰራል። ባለ ግመሉ አፋር ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ በረሃው ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ዕቃውን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። የሃሪስ ተልእኮ ለንጉሡ ያመጣው የገጸ በረከት ሣጥን ሁሉ ከግመል ወርዶ ሽቅብ የወጣው በሰው ትከሻ ነበር። እንግዳውም ራሱ እንደ ዕቃው ነው፤ ከአንኮበር “ይግባ” የሚል ቃል እስኪመጣ እዚያው ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ወላስማ መሐመድ የዚያ የጥንቱ የወላስማ ዘር ነኝ የሚል፣ መቀመጫውን ጎንቾ ላይ ያደረገ ሹም ነበር። በጎንቾ የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች ሳይቀሩ ታስረው ይኖሩ ስለነበር፣ የበሩ ጠባቂና የእስር ቤቱ ጠባቂ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ማን ይግባ የሚለውን የሚወስን ሰው፣ ማን አይውጣ የሚለውንም ቢወስን አይደንቅም።

አልዩ አምባ የተነሣችው ከዚህ ፌርማታ ነው። የአርጎባው፣ የአደሬው፣ የአፋሩና የደገኛው ነጋዴ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ሆነች። አንዱ የሌላውን አገር ሕግ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የአልዩ አምባን ሕግ ማወቅ ይበቃዋል። አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑባቸው መለኪያዎች ነበሩ። በዚያው በር ግን ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አልወጡም። በአጠገቡ ባለው የአብዱል ረሱል ገበያ የሚሸጡ ባሮች በዚያው መንገድ ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። በር የሚያሳልፈውን አይመርጥም፤ የሚመርጠው ጠባቂው ነው፤ ጠባቂው ደግሞ ከሚያሳልፈው ነገር ሁሉ ቀረጥ ይበላል። ስለ ይፋት ገበያ በናፍቆት መጻፍ የሚወዱ ይህን ገጽ መዝለል ያዘወትራሉ። ብዝኃነት የሚባለው ውበት እውነት ነው፤ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አምባ ላይ የተሰበሰበው ማንም በቀጥታ እንዲያልፍ ስላልተፈቀደለት ጭምር ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። በ1964 መጨረሻ በአሜሪካ ካምብሪጅ ከተማ በነበረው የአይቢኤም የሳይንስ ማዕከል ሮበርት ክሪሲና ሌስ ኮሞ የሚመሩት ጥቂት ሰዎች አንድን ትልቅ ማሽን ለብዙ ሰው ለማካፈል አንድ ነገር አሰቡ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የማሽኑን ቁራሽ ከመስጠት ይልቅ ሙሉ ማሽን የያዘ እንዲመስለው ማድረግ። ሲፒ-40 የተባለው ሥርዓታቸው በ1967 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ተከታዮቹም ቀጥለው አይቢኤም በ1972 ቪኤም/370ን ለገበያ አስተዋወቀ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ካርድ አንባቢ፣ ካርድ መብሻና ማተሚያ ያለው ምናባዊ ማሽን ተሰጠው። በዚያ ዘመን መረጃ የሚሄደው በተበሳ የወረቀት ካርድ ነበርና። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ አንዱ ተጠቃሚ ለሌላው ፋይል መላክ ቢፈልግስ? ማሽኖቹ አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱ በዓለም ላይ ብቸኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ነው። መልሱ እንዲህ ሆነ። ላኪው ፋይሉን “ይበሳ” ብሎ ያዛል። ፋይሉ እያንዳንዳቸው ሰማንያ ፊደል በሚይዙ የካርድ ምስሎች ይቆራረጣል። አንድም ወረቀት አይበሳም፤ ምስሎቹ ግን ምናባዊ ማሽኖቹን ሁሉ በሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም መጋዘን ውስጥ ይቆለላሉ። ከዚያ በተቀባዩ ምናባዊ ካርድ አንባቢ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተቀባዩም ጊዜው ሲደርስ “አንብብ” ብሎ ያነሳቸዋል። እስከዚያው ይጠብቃሉ። ከሰማንያ ፊደል የሚረዝም መስመር ያለው ፋይል እንደ ግመል ጭነት ተከፍሎ ይታሰራል፤ ማዶ ሲደርስ እንደገና ይገጣጠማል። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ሜሞሪ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ የሌለ ወረቀት በሌለ መብሻ እየበሱ መላላካቸው ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ብልኀቱ ግን እዚያ ላይ ነው። ካርድ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ የሁለቱም አይደለም፣ የተቆጣጣሪው ነው። አንዱ የሌላውን ቤት ሳይረግጥ ዕቃው ተሻገረ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። የይፋት ዳገት የፈጣሪ ሥራ ነው፤ በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ወሰን ግን የሰው ሥራ ነው፤ የሰውን ሥራ ደግሞ ሰው ማፍረስ ስለሚችል ሁለቱን ማመሳሰል ያለ ቦታው ነው ይባላል። የመጀመሪያው አንቀጽ ግን ሲመረመር አይጸናም። ግመል ዳገቱን አለመውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የደጋው በቅሎ እስከ አዋሽ ወርዶ ዕቃውን በረሃ ላይ እንዳይረከብ የከለከለው ተፈጥሮ አይደለም። በረሃው በአፋር ባላባቶች እጅ ነበር፤ ደጋው በንጉሡ። ማራገፊያው ፋሬ የሆነው ሁለቱ ኃይሎች እዚያ ላይ ስለሚነካኩና ንጉሡም እዚያ ላይ መቁጠር ስለሚመቸው ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሃሪስ በኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር የተፈራረመው ውል ነው። ሃሪስ ራሱ እንደሚለው ውሉ ሊያስቀራቸው የፈለጋቸው ልማዶች ነበሩ፦ በሸዋ ምድር የሚሞት የውጭ ሰው ንብረት ለንጉሡ መውረሱ፣ ተራው ሕዝብ ውድ ዕቃ እንዳይገዛና እንዳይለብስ መከልከሉ፣ በአገር ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ በገዛ ፈቃድ መንቀሳቀስ የሚያስቀጣ መሆኑ። ከእነዚህ አንዱንም ዳገቱ አላዘዘም። ተፈጥሮ ቦታውን አመለከተ፤ ሰው በሩን ሠራ። በኮምፒውተሩም ቢሆን ወሰኑ እንዲያው ከአየር የመጣ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ራሱ አንዳንድ ትእዛዝ ለተቆጣጣሪው ብቻ እንዲፈቀድ ሆኖ ተሠርቷል፤ ተመራማሪዎቹ ፖፔክና ጎልድበርግ በ1974 ምናባዊ ማሽን እንዲቻል ብረቱ ምን ማሟላት እንዳለበት በሒሳብ ያሳዩት ለዚህ ነው። እዚህም ብረቱ ቦታውን ያመለክታል፤ በሩን የሚሠራው ሶፍትዌሩ ነው።

መሻገር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባን ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ ባለሙያዎች የገጠማቸው የቦታ ችግር ነበር። የዚያን ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይጨመሩ። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ቅጥያውን ለብቻ እየሣለ አገጣጠመው። ሁሉም በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ግዕዙን አስቀመጠ፣ የአቀማመጡን ቅደም ተከተል ግን እያንዳንዱ በራሱ መረጠ። አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እየተባሉ የመጡት ሶፍትዌሮች ለአማርኛ ጽሕፈት ትልቅ ባለውለታ ናቸው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣ ነበር። ፋይሉ ደርሷል፣ አንድም ነጥብ አልጎደለበትም፤ ሰው ግን አያነበውም። በየከተማው ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ደብዳቤ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚጠየቀው “በምን ተጻፈ?” የሚል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላችን በ1999 የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ቋሚ ቁጥር ሲያገኝ፣ በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ናያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ይዞ ሲወጣ፣ ሁሉም ወገን የሚያውቀው መለኪያ ተገኘ። የአሞሌና የማርያ ቴሬዛ ሥራ ይኸው ነበር። የቀድሞው ክምችት ግን አልጠፋም። በድሮ ሶፍትዌር የተጻፈ መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ዛሬ ካለው አማራጭ አንዱ፣ ያንን ሶፍትዌር ኤክስፒ በተጫነበት እንግዳ ማሽን ላይ አስነሥቶ ጽሑፉን እዚያ ማንበብ፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየርና ወደ አስተናጋጁ ማሻገር ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር የኤክስፒ ሞድን ያቀረበው አሮጌ ፕሮግራማቸውን መተው ላልቻሉ ድርጅቶች ነበር። እንግዳው ማሽን እዚህ አስተርጓሚ ነው፤ ዕቃውን መሸከም ብቻ ሳይሆን የሚነበብ ማድረግም የእርሱ ድርሻ ሆኗል።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይበልጣል፤ እኔም ግማሹን እቀበለዋለሁ። ጨው ከፋሬ ሲነሣ ፋሬ ላይ የለም፤ ፋይል ግን ሲሻገር ዋናው በቦታው ይቀራል። ስለዚህ የንግድ ታሪክ ስለ ፋይል ምንም አያስተምርም ይባላል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ውጤትም አለው። ነጋዴ የሚፈራው ዕቃው መንገድ ላይ እንዳይቀርበት ነው፤ ፋይል የሚያሻግር ሰው የሚፈራው ግን ሁለት ቅጂ ኖሮት የትኛው የታረመው እንደሆነ እንዳይጠፋበት ነው። በእንግዳው ማሽን ውስጥ ሰነዱን አርሞ፣ በአስተናጋጁ ላይ ያለውን ያልታረመውን ቅጂ ለአለቃው የላከ ሠራተኛ ስንት ነው! በዚህ በኩል የወላስማ ቆጠራ የሚነግረን ነገር የለም። ነገር ግን የበሩ ጠባቂ ዋና ጭንቀት ድሮም የሚወጣው ዕቃ መጉደል አልነበረም፤ የሚገባው ነገር ምንነት ነበር። ጠብመንጃ የያዘ እንግዳ የንጉሡ ወዳጅ ይሁን የጠላቱ ሳይታወቅ ዳገቱን እንዲወጣ አይፈለግም። ከዚህ አንጻር ቅጂ ከዕቃ ይልቅ ያስፈራል እንጂ አይቀልም፤ ዕቃ አንድ ጊዜ ይገባል፣ ቅጂ ደግሞ ገብቶም ይራባል። በየኮፒ ቤቱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ ያየ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ ይህ ሁሉ ድሮ ቀረ፣ አሁን የጋራ ፎልደር አለ። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር በ1999 የመጀመሪያውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ምርቱን ሲያወጣ ፋይል የሚሻገረው በምናባዊ ፍሎፒ፣ በሲዲ ምስል ወይም ሁለቱ ማሽኖች በመካከላቸው በዘረጉት ምናባዊ ኔትወርክ ነበር። በኋላ በእንግዳው ማሽን ውስጥ የሚጫን ረዳት ሶፍትዌር መጣ። በእርሱ አማካይነት የአስተናጋጁ አንድ ፎልደር በእንግዳው ዘንድ እንደ ራሱ ዲስክ ሆኖ ይታያል፤ ከአንዱ ላይ ኮፒ አድርጎ ሌላው ላይ መለጠፍም ተቻለ። ተጠቃሚው ደስ አለው፤ በሩ የፈረሰ መሰለው። በየካቲት 2008 ግን በቪኤምዌር የጋራ ፎልደር ላይ አንድ ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ። በእንግዳው ማሽን ውስጥ ያለ ፕሮግራም የፎልደሩን አድራሻ በዘዴ አጣሞ ቢጽፍ፣ ከተፈቀደለት ፎልደር ወጥቶ በዊንዶውስ የሚሠራውን አስተናጋጅ ዲስክ በሙሉ ማንበብም መጻፍም ይችል ነበር። እንግዲህ ፎልደሩ ራሱ በር ነበር ማለት ነው፤ ጠባቂው ደግሞ የተሰጠውን አድራሻ በደንብ የማያነብ። ከዚህም የባሰ በ2015 መጣ። ቬኖም የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ኪው-ኢሙ በተባለው ሶፍትዌር የምናባዊ ፍሎፒ መቆጣጠሪያ ውስጥ ነበር። ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው በጠፋበት ዘመን፣ በየዳታ ሴንተሩ ያሉ እንግዳ ማሽኖች በዚያ በተረሳ መሣሪያ አማካይነት ወደ አስተናጋጁ መዝለቅ የሚችሉበት ዕድል ክፍት ሆኖ ኖረ። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ዜን በተባለው ሌላ የምናባዊ ማሽን ሶፍትዌርና በኪው-ኢሙ ላይ አስተዳዳሪው ፍሎፒውን ቢያጠፋው እንኳ፣ በሌላ ስሕተት ምክንያት ያ ኮድ ሥራውን አያቆምም ነበር። መንገደኛ የተወው በር ተዘጋ ማለት አይደለም።

የበሩ መጥፋት ያልነው ነገር በይፋትም ተፈትኗል። የጠብመንጃ ነጋዴው አርተር ራምቦ በ1887 መጀመሪያ ብዙ ጠብመንጃ ይዞ ከታጁራ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኘውም፤ ቤተ መንግሥቱም ገበያውም ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ እያዘነበለ ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የታጁራና የአልዩ አምባ መስመር ሥራ ፈታ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ወደ ይፋት ቆላ ወረደ። ያኔ ማዕከሉ ከአልዩ አምባ አምባ ላይ ወደ ሜዳው፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ዞረ። ዛሬ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ዙሪያ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ከማሳው ዳር በጆንያ ታስሮ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ ግመል የማይወጣውን ዳገት መኪናው እያቃሰተ ይወጣዋል፣ ጭነቱ ሳይወርድ ሳይከፈል ከተማ ይገባል። “እነሆ ቀጥታ መንገድ” ሊባል ይችላል። ነገር ግን ያንን አይሱዙ ተከትሎ የሄደ ሰው ኬላው ላይ ሲቆም፣ ገመዱ ወደ ላይ እስኪነሣ ሲጠብቅ፣ ደረሰኝ ሲያሳይ ያየዋል። ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላም ከገበሬው ማሳ እስከ አዲስ አበባ ተራ ድረስ በስልክ ተዘርግቶ ተቀምጧል። የፋሬ ማራገፊያ ቀርቷል፤ ፈቃዱ፣ ቆጠራውና የደላላው ድርሻ ግን በመንገዱ ርዝመት ላይ ተበትኗል። የተጎዳው አልዩ አምባ ነው፤ የኖረው በማቆም ነበርና መኪናው ሳይቆም ሲያልፈው የሚቀረው የሳምንት ገበያውና ታሪኩ ሆነ። ሸዋ ሮቢት የተጠቀመችው በሩ ስለፈረሰ ሳይሆን በሩ ወደ እርሷ ስለዞረ ነው፤ መንገዱ ሌላ አቅጣጫ የያዘ ቀን እርሷም የአልዩ አምባ ዕጣ አይደርሳትም ብሎ የሚምል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ጥያቄው “በሩን እንዴት እናጥፋው?” መሆኑ ያበቃል፤ “በየትኛው አቅጣጫ፣ ለማን ይከፈት?” የሚለው ይቀራል። ሣህለ ሥላሴ ለዚህ የነበረው መልስ ግልጽ ነበር፦ ጠብመንጃና የእጅ ባለሙያ ይግባ፣ የገባ እንግዳ ያለ ፈቃዴ አይውጣ። መልሱ ለእርሱ የሚመች፣ ለእንግዳው የማይመች ነው፤ ነገር ግን አቅጣጫዎቹ ሁለት መሆናቸውንና ሁለቱ እኩል እንዳልሆኑ አውቆ የተሰጠ መልስ ነው። ዛሬ ቨርቹዋል ቦክስን የሚከፍት ሰው ለጋራ ክሊፕቦርዱ አራት ምርጫ ያገኛል፦ ዝግ፣ ከአስተናጋጅ ወደ እንግዳ ብቻ፣ ከእንግዳ ወደ አስተናጋጅ ብቻ፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ሠሪዎቹ ሲያስረክቡት ዝግ አድርገው ነው። አብዛኛው ሰው ቸኩሎ የመጨረሻውን ይመርጣል፤ አጠራጣሪ ፋይል ለመመርመር እንግዳ ማሽን ያስነሣ ሰው እንኳ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዚያም የሚመረመረው ነገር የባንክ የይለፍ ቃሉ ኮፒ ተደርጎ የተቀመጠበትን ክሊፕቦርድ ያነብበታል። ለምርመራ የሚሆነው ቅንብር ግን አስቸጋሪ አይደለም። ክሊፕቦርዱ ይዘጋ፤ ኔትወርኩ ይቋረጥ፤ ፋይሉ የሚገባበት ፎልደር እንግዳው ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይችል ሆኖ ይሰጥ፤ ሥራው ሲያልቅ ፎልደሩም ምናባዊው ፍሎፒም ከዝርዝሩ ይነቀሉ። የድሮ የግዕዝ መዝገብ ለሚቀይረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ይሻላል፤ አሮጌው ቅጂ አንድ ጊዜ ገብቶ ይቀመጥ፣ ወደ አስተናጋጁ የሚወጣው የታረመው የዩኒኮዱ ብቻ ይሁን፣ የሚወጣበትም ፎልደር ከሚገባበት የተለየ ይሁን።